የተሰፋው ጠርሙስ

ሰው አላምንም። ይህን የምለው ልኮራበት ብዬ አይደለም፤ አመሌ ስለሆነ ነው። እናቴ "ይሄ ልጅ ጡት ሲጠባም አንድ ዓይኑን ገልጦ ነበር" ትለኝ ነበር። ደብዳቤ ሳሽግ ሙጫውን ሁለት ጊዜ እቀባለሁ። በር ቆልፌ ሃያ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እነቀንቃለሁ። አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነውም በዚሁ አመሌ የተነሳ ነው።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት አርባ ምንጭ ነበርኩ። ከሲቀላ ሠፈር ወደ ጫካው በሚወርደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የምርምር ጣቢያ የትል ማርቢያ ክፍል ኃላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። ኃላፊ ስላችሁ ብዙ ሰው የማዝዝ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው ከሥሬ የነበሩት። አንደኛዋ መቅደስ ትባላለች፤ በዚያው ዓመት ተመርቃ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሙቀትና እርጥበት እየለካች መዝገብ የምትይዝ ልጅ ናት። ሁለተኛው ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያልፋል። በየማለዳው ጫካ ገብተው ለትሎቹ የዋንዛ ቅጠል ይቆርጣሉ፣ ጠርሙስ ያጥባሉ፣ ኩስ ይጠርጋሉ። አስራ አንድ ዓመት በቀን ሠራተኛነት አገልግለዋል። በዚያ ዓመት አንድ የቋሚ ሠራተኛ ቦታ ተፈቀደ። ቦታው የእሳቸው እንደሆነ ጣቢያው በሙሉ ያውቃል፤ የቀረው እኔ የምሞላው የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ብቻ ነበር።

የምናረባው የጫካውን የእሳት እራት ነው። ሁለት ክረምት በተከታታይ ከምንጮቹ አጠገብ ያሉትን ዋንዛዎች እርቃናቸውን አስቀርቷቸው ነበር። አዲስ አበባ ያሉት አለቃችን ዶክተር ይፍሩ ይህ ፍጥረት ከእንቁላል እስከ እንቁላል ስንት ቀን እንደሚፈጅበት፣ በዓመት ስንቴ እንደሚራባ ማወቅ ፈለጉ። እንቁላሉ በስምንተኛው ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ሲወጣ ከክር አይወፍርም። ይበላል፣ ይበላል፣ ከዚያ ቆዳው ሲጠበው አንድ ቀን ሙሉ ራሱን ቀና አድርጎ ይጾማል፤ አሮጌውን ቆዳ ጥሎ እንደገና መብላት ነው። አራት ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ጣት ሲያክል ከጠርሙሱ ሥር ወዳነጠፍነው አፈር ይገባና ቡናማ ፍሬ መስሎ ሦስት ሳምንት ይተኛል። ከአፈር ሲወጣ ክንፍ አለው፣ አፍ ግን የለውም። በትልነቱ የበላውን ሆዱ ውስጥ ይዞ አምስት ስድስት ቀን ይኖራል፤ ይጋባል፣ ይጥላል፣ ይሞታል። መጀመሪያ ይህን ሳውቅ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ክፍሉ ውስጥ አስራ ስድስት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ነበሩ። በእያንዳንዱ ሃያ አምስት ትል፣ አፉ ላይ ሻሽ፣ ሻሹ ላይ ላስቲክ። አስራ አራተኛው ጠርሙስ ብቻ አፉ ተሸርፎ ላስቲክ አልይዝ ስላለ ጋሽ ኤርጫፎ ሻሹን ከአንገቱ ጋር በጥጥ ክር ጠልፈው ሰፉት። ቅጠል የሚገባባትን ትንሽ ቀዳዳ እሳቸው ብቻ በሚያውቁት ቋጠሮ ያስሯታል። ሸማኔ አይደሉ? ዶክተር ይፍሩ የላኩት ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል። ትል ያለ ምክንያት አይነካ። አንድ ጠርሙስ የነካ ብሩሽ በረኪና ውስጥ ሳይነከር ሌላውን አይንካ። ከክፍሉ ምንም ነገር አይውጣ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የሦስተኛውን ጠርሙስ ቅጠል ስቀይር እግረ መንገዴን ትሎቹን ቆጠርኩ። ሃያ አራት ናቸው። ቅጠሉን ገለባበጥኩ፣ አፈሩን ፈተሽኩ፣ የለም። ለማንም ሳልናገር በማግስቱ ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ አምስት!

የጠፋው ትል ተመልሷል። ትል ቢጠፋ ሞተ፣ ጉንዳን ወሰደው ይባላል። የጠፋ ትል በገዛ እግሩ ሲመለስ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ታዲያ ማን ወስዶ ማን መለሰው? የክፍሉ ቁልፍ ሦስታችንም ዘንድ አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሎቹ ከመድረሳቸው አንድ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ መቁጠር ያዝኩ። ትሎቹ ቅጠል ሥር ስለሚሸሸጉ በዓይን ብቻ አይቆጠሩም፤ ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጬ አንድ በአንድ በብሩሽ እያነሳሁ መመለስ ነበረብኝ። ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ከአንደኛው እጀምርና እስከ አስራ ስድስተኛው እሄዳለሁ። አስራ አራተኛውን ብቻ ቋጠሮውን ብፈታው መልሼ እንደነበረ ላስረው ስለማልችል ከውጭ በመስተዋቱ አይቼ አልፈው ነበር። በረኪናውስ? በረኪና ከከፈትኩ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል፤ መቁጠሬም ይታወቅብኛል። ሌባ የሚያዘው ደግሞ ሳያውቅ ነው። ስለዚህ ብሩሹን በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ እቀጥል ነበር። ብልህነት መስሎኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ጥርጣሬዬ ወደ ጋሽ ኤርጫፎ ያደላ ነበር። ለምን? አንደኛ ሰውየው "አንተ" ይሉኛል። አማርኛቸው ለሁሉም ሰው "አንተ" ነው፤ መቅደስንም "አንተ" ነው የሚሏት፤ እኔ ግን ንቀት መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ። ያለ ምክንያት ፈገግ የሚል ሰው ልቤ አይወድም።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ወደ ሲቀላ ገበያ ይሄዳሉ ስል ወደ አባያ ዳር አቀኑ። ብብታቸው ሥር ጥቅል ነገር ይዘዋል። በቃ፣ ያዝኩህ አልኩ በልቤ፤ ትላችንን ለዓሣ አጥማጅ ለመንጠቆ እየሸጠ ነው! ሸንበቆ ተከልዬ አየሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጥቅሉን ተቀብሎ ፈታው። የጥጥ ክር ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻሺቱ የፈተሉት፣ ለመረብ መጠገኛ የሚሆን ክር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አፍሮ ይመለስ ነበር። እኔ ግን "ይሄ የዛሬው ነው፤ የትናንቱን ማን አየ?" እያልኩ፣ ጫማዬ ጭቃ እንደለበሰ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ትሎቹ መሞት ጀመሩ። አሟሟታቸው ያስጠላል። መብላት ያቆማሉ፣ ወደ ጠርሙሱ አፍ ይወጣሉ፣ በኋለኛ እግራቸው ሻሹ ላይ ተንጠልጥለው ይጠቁራሉ፤ ሲነኩ ቆዳቸው ይፈነዳና ውሃ ይሆናሉ። በሽታ እንደሆነ መቅደስ ወዲያው ነገረችኝ። ጫካም ውስጥ አልፎ አልፎ ያለ ነው፣ ከአንዱ ትል ጋር ገብቶ ይሆናል አለች። እሱስ ይሁን፤ ግን ማን አስገባው? አስራ አምስቱም ጠርሙሶች ታመው አስራ አራተኛው ብቻ ጤነኛ ሲሆን ደግሞ ጥርጣሬዬ ድንጋይ ሆነ። እሳቸው የሰፉት ጠርሙስ! እሳቸው ብቻ የሚፈቱት ቋጠሮ! የራሱን አትርፎ የእኛን ጨረሰው አልኩ። ለምን ብሎ ሊጨርሰው እንደሚችል ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኤርጫፎ ቅጠላቸውን አስቀምጠው ፊቴ ቆሙ።

"አቶ ሸዋንዳኝ፣ እንቀመጥ" አሉኝ።

"ለምን?"

"ይሄ ጎሜ ነው፣ ሰው ያጠፋው ጥፋት ነው። በእኛ አገር ላም ሲሞት፣ ልጅ ሲታመም፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ያጠፋውን ይናገራል። ሁሉም ሲናገር ክፉው ነገር ይወጣል። አንድ ሰው ከደበቀ አይወጣም። እኛም ሦስት ሰው ነን፣ አንድ ቤት ነን። እንቀመጥ።"

መቅደስ ሳቅ አለች፤ ኋላ ግን ፊታቸውን አይታ ሳቋን ዋጠችው። እኔ ደስታዬን ሸሸግሁ። ተጠርጣሪ ራሱ ችሎት ሲጠራ ምን ይባላል? ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ሦስት ዱካ ላይ ተቀመጥን።

መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

"እኔ አጠፋሁ። መስከረም ላይ አንድ ትል ወደ ቤት ወሰድኩ። ሻሺቱ አላመነኝም። 'ሰው ትል ለማብላት ይቀጠራል? ውሸትህን ነው፣ ሌላ ቦታ ትውላለህ' አለኝ። ስለዚህ በክብሪት ሳጥን ከቅጠል ጋር ወሰድኩ፣ አሳየሁት። ሳቀ። ሌሊት ቅጠል ሲበላ ቁጭ ብሎ አየው። ጠዋት መለስኩ። ደንብ አፍርሻለሁ።"

የሦስተኛው ጠርሙስ ነገር እነሆ! እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ሮጠ።

መቅደስ አንገቷን ደፍታ "እኔም... እሑድ እሑድ ሙቀቱን ሳልለካ ከቅዳሜው ተነስቼ ገምቼ ጽፌአለሁ። ሦስት እሑድ" አለች። እንባዋ መጣ። ጋሽ ኤርጫፎ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጉና "ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ ነው" አሏት።

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ ኤርጫፎ ፈገግ አላሉም። ዓይናቸው ረጅም ጊዜ እኔ ላይ ቆየ።

"እኔ የለብኝም" አልኩ።

"አንድም?"

"አንድም።"

ጋሽ ኤርጫፎ ከተቀመጡበት ሲነሱ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ያረጁ መሰሉኝ። እኔ የጻፍኩትን ወረቀት አቀረብኩላቸው። ማንበብ አይችሉም። ምን እንዳልኩ ሳይጠይቁ አውራ ጣታቸውን የማህተም ቀለም ነክረው አተሙልኝ። ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ ምን ተጻፈ ብሎ በጠየቀ ነበር ብዬ አሰብኩ።

የጻፍኩት ይህ ነበር። "ሠራተኛው ትል ከክፍሉ አውጥቶ በመመለስ በሽታ ማስገባቱን በራሱ አንደበት አምኗል። እሱ የሰፋው ጠርሙስ ብቻ መትረፉም ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ያጠራጥራል።" የመቅደስን እሑዶች አላነሳሁም። በሳምንቱ ከዶክተር ይፍሩ መልስ መጣ፤ ጋሽ ኤርጫፎ ከቀን ሥራውም ተሰናበቱ፣ ቋሚው ቦታም ለሌላ እጩ ክፍት ይቆይ ተባለ። የክፍሉን ቁልፍ ሲያስረክቡኝ የአስራ አራተኛውን ቋጠሮ እንዴት እንደሚፈታ ለመቅደስ አሳይተዋት ሄዱ።

ያ ጠርሙስ ኅዳር ላይ ሃያ ሦስት የእሳት እራት ሰጠን። ሌላ ዘር ስላልነበረን ሁሉን ከእነሱ ጀመርን። ታኅሣሥ ላይ እንደገና አስራ ስድስት ጠርሙስ ሞላ፤ የአስራ አራተኛውን ሻሽ መቅደስ እንደተማረችው አድርጋ ሰፋችው። ጠርሙሶቹን ሁሉ በፈላ ውሃና በበረኪና አጥበናል። ወንጀለኛው ተባሯል። ልቤ ግን ያርፋል? አሁን ደግሞ መቅደስን ማየት ጀመርኩ። በራሷ አፍ ዋሽታ መጻፏን የተናገረች ልጅ አይደለች? ከመሳቢያዬ ያንኑ ብሩሽ አውጥቼ ወደ ማለዳ ቆጠራዬ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ሳያልቅ ሞቱ ተመለሰ።

መቅደስ መዝገቧን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። እሑድን ጨምሮ ቀን ሳታጓድል የመዘገበችው ነው።

"ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄ በሽታ በተራ ነው የሚሄደው። ሰኞ አንደኛው ጠርሙስ ታመመ። ማክሰኞ ሁለተኛውና ሦስተኛው። ረቡዕ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከመስኮቱ ወደ በሩ ይመጣል። አስራ አራት ላይ ሲደርስ ይዘለውና አስራ አምስት ይገባል። እኔ ቅጠል የምሰጠው ከበሩ ጀምሬ ነው። በሽታ ቁጥር አያውቅም። በዚህ ተራ የሚሄደው ማነው?"

እሷ የምትለኝን ሳይሆን የራሴን እጅ ነበር የማየው፤ ብሩሹን ይዞ ከመስኮቱ ሲነሳ፣ በውሃ ለቅለቅ ሲያደርግ፣ የተሰፋውን ሲዘል።

"ብሩሹ..." ብዬ ቀረሁ። መሳቢያዬን ከፈትኩና አሳየኋት። አልጮኸችብኝም። ብሩሹን በወረቀት ጠቅልላ ይዛው ወጣች፤ በመስኮት ሳይ የበረኪናው ባልዲ ውስጥ ከተተችው።

ያን ቀን ሲቀላ ወጥቼ ለዶክተር ይፍሩ ስልክ ደወልኩ። "ቦታው እስከ ጥር ሰላሳ ክፍት ነው" አሉኝ፣ ድምፃቸው እየቀዘቀዘ። "ግን እዚህ ያለው የእጅ ጽሑፍህና የሰውየው አሻራ ነው። በወረቀት የከሰስከውን በወረቀት አንሳው። እሱም ራሱ ይዞት ወደ ጣቢያው ይመለስና ይመዝገብ።" ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ላይ "ምናልባት" የሚል ቃል ሦስት ቦታ ነበረ። በአራተኛው ሁሉንም አወጣሁት።

በጥር ሁለተኛ ሳምንት ወደ ዶርዜ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ዳገቱ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ግን የፈራሁት የሰውየውን ፊት ነው። ቤታቸውን ጠይቄ ስደርስ ጋሽ ኤርጫፎ ከሸማ ዕቃቸው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰደው ይሸምናሉ። ወይዘሮ ሻሺቱ ከበሩ አጠገብ ይፈትላሉ። ጋሽ ኤርጫፎ አይተውኝ አልደነገጡም። መወርወሪያውን አስቀምጠው ቦታ አሳዩኝ።

"ተቀመጥ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። "ጋሽ ኤርጫፎ፣ ትሎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ። "በየማለዳው በድብቅ እቆጥራቸው ነበር። ብሩሹን በረኪና ውስጥ አልነክረውም ነበር። በሽታውን ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ያዞርኩት እኔ ነኝ። አባያ ድረስም ተከትዬዎታለሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"የቱን? አባያውን?"

"አባያውንም። ሸንበቆ ውስጥ ነጭ ሸሚዝህ ይታያል።" ወይዘሮ ሻሺቱ እንዝርታቸውን ይዘው ሳቁ። "ብሩሹንም አውቃለሁ። ጠዋት ስገባ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ትል ደግሞ ሲነካ ይገባኛል፣ ቅጠሉን ይለቃል።"

"ታዲያ ያን ቀን በረንዳው ላይ ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው። "ያ ቦታ የአስራ አንድ ዓመት ልፋትዎ ነው! 'አንተ ነህ' ቢሉኝ ምን ነበረበት?"

"ሰው የራሱን ጎሜ ነው የሚናገረው። የሰው አይናገርም። የሰው ከተናገረ ክስ ነው፣ መቀመጥ አይደለም። እኔ የእኔን ቀድሜ ያወራሁት ላንተ እንዲቀልህ ነበር።" ትንሽ አሰቡና "ብነግርህስ ታምነኝ ነበር?" አሉኝ።

አላምናቸውም ነበር። እንደውም የተናገሩትን እዚያው ወረቀት ላይ ጨምሬ እጽፈው ነበር። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁ። አላሸግሁትም ነበር፤ በሕይወቴ ሳላሽግ የያዝኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። "ለጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ወይዘሮ ሻሺቱ መፍተላቸውን አቆሙ። ጋሽ ኤርጫፎ ግን እስከ መጨረሻው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና እጃቸውን ዘረጉ። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"ነገ አብረን እንወርዳለን" አሉ። "መቅደስ ብቻውን ቅጠል እየቆረጠ ነው?"

"ብቻዋን ናት" አልኩ። ያ አመሌ ግን በዚያች ሰዓት እንኳ አልተወኝም። "ጋሽ ኤርጫፎ፣ ከመውረዳችን በፊት ማንበብ የሚችል ሰው ጋ ይውሰዱት። የሠፈሩ አስተማሪ ያንብብልዎት። ሌላ ነገር ጽፌ እንደሆነስ በምን ያውቃሉ?"

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። የምለው በእውነት አልገባቸውም ነበር።

"ለምን?" አሉ። "አሁን አንተ አነበብክልኝ አይደል?"

ከዚያ መወርወሪያቸውን አንስተው ወደ ሽመናቸው ተመለሱ።